በሀይዌይ 127 ዳር፦ የ690 ማይሉ ያርድ ሴል ለብቸኛ መንገደኛ ምን ያህል ያዋጣል?

በአሜሪካ በየዓመቱ ኦገስት በገባ የመጀመሪያው ሐሙስ ተከፍቶ እሑድ ማታ የሚዘጋው የሀይዌይ 127 ያርድ ሴል፣ ሚሺጋን ውስጥ አዲሰን ከምትባል ትንሽ ከተማ ተነሥቶ ኦሃዮን፣ ኬንታኪን፣ ቴነሲንና ጆርጂያን አቋርጦ አላባማ ውስጥ ጋድስደን ላይ የሚያበቃ፣ 690 ማይል ወይም 1,110 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የመንገድ ዳር ያገለገለ ዕቃ ገበያ ነው። በ1987 ሐሳቡን ያመጡት በቴነሲ የፌንትረስ ካውንቲ አስተዳዳሪ የነበሩት ማይክ ዎከር ሲሆኑ፣ ዓላማቸው ኢንተርስቴት በሚባለው ፈጣን አውራ ጎዳና ሽው ብሎ የሚያልፈውን መንገደኛ ወደ ትንንሾቹ ከተሞች መመለስ ነበር። የገበያው ማዕከል ዛሬም የዚያው ካውንቲ መቀመጫ የሆነችው ጄምስታውን ናት። ለመግባት ትኬት አይቆረጥም፤ በመንገዱ ዳር ደጃፍ ያለው ቤተሰብ ጠረጴዛውን ያወጣል፣ ደጃፍ የሌለው ነጋዴ ደግሞ ሜዳ ተከራይቶ ድንኳን ይተክላል።

ገበያውን በትክክል ለመመዘን ከዚህ ልዩነት መጀመር ግድ ነው፤ በአንድ ስም የሚጠራው ሽያጭ በተግባር ሁለት ገበያ ነውና። የነጋዴዎቹ ሜዳ ከሩቅ ይታያል፦ ድንኳኑ በረድፍ የቆመ ነው፣ መኪና ለማቆም አንዳንድ ቦታ አምስት ዶላር ያህል ይጠየቃል፣ ዕቃው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተደርድሯል፣ ዋጋውም ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ታይቶ የተለጠፈ ስለሆነ ባለዕቃው ከዚያ ንቅንቅ አይልም። የቤተሰቦቹ ደጃፍ ግን ሌላ ዓለም ነው። ልጆቻቸው አድገው የወጡላቸው ባልና ሚስት፣ የሟች እናታቸውን ቤት የሚያጸዱ እኅትማማቾች፣ የከብት በረቱን ለሌላ ሥራ የፈለገ ገበሬ፣ ሁሉም የሚፈልጉት ዕቃው እሑድ ማታ ተመልሶ ወደ ቤት እንዳይገባ ብቻ ነው። ከአትላንታ አካባቢ ተነሥቶ፣ ነዳጅና ማደሪያ ከፍሎ ለሚሄድ እንደ እኔ ያለ ገዢ ጉዞው የሚያዋጣው በእነዚህ ደጃፎች ላይ ነው። ከድንኳኖቹ ሜዳ የማገኘውን ዕቃ ከቤቴ ሳልወጣ በስልክ፣ ምናልባትም በተሻለ ዋጋ፣ አገኘው ነበር።

መንገዱን ከደቡብ ወደ ሰሜን ለሚጀምር ሰው ከቻታኑጋ በስተ ደቡብ ያለው ክፍል፣ በሉክአውት ተራራ አናት በጆርጂያና በአላባማ የሚያልፈው፣ ለዓይን እጅግ ያማረ ሲሆን ለኪስ ግን የሚመች ሆኖ አላገኘሁትም። ሜንቶን በምትባለው የተራራ መንደር አካባቢ ያየሁት አብዛኛው ዕቃ የጥንታዊ ዕቃ ነጋዴዎች ነው። ከቻታኑጋ ወደ ሰሜን ሲግናል ተራራን ሲወጡ ደግሞ ሀብታም ሰፈር ይገኛል፤ እዚያ የሕፃናት ልብስ፣ መጽሐፍና ብዙም ያልተነካ የቤት ዕቃ በርካሽ ይለቀቃል፤ ሰዎቹ ለሃያ ዶላር ሲሉ ሲከራከሩ መታየት አይወዱም መሰለኝ። ተራራውን ወርደው ደንላፕና ፓይክቪል ያሉበትን የሴኳቺ ሸለቆ ሲይዙ እርሻ ይበዛል፣ ከእርሻውም ጋር መሣሪያ፦ መጋዝ፣ መዶሻ፣ ሞርሳ፣ የብረት ማስቀመጫ ሣጥን። ከዚያ ክሮስቪል ላይ እንደገና ወደ ከፍታው ይወጣል። ጄምስታውን ራሷ በሰውና በመኪና የተጨናነቀች ስለሆነች ቶሎ ማለፉ ይሻላል። ከእርስዋ በስተ ሰሜን፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀግናው የሰርጀንት አልቪን ዮርክ መታሰቢያ ካለበት ከፖል ሞል ተነሥቶ በኬንታኪ ድንበር በኩል እስከ ኦልበኒ የሚዘልቀው መንገድ ግን፣ በእኔ ግምት የገበያው ሁሉ ምርጡ ክፍል ነው። ቤቶቹ ተራርቀው የተሠሩ ናቸው፣ ድንኳን እምብዛም አይታይም፣ ባለቤቶቹም ወንበር አውጥተው ጥላ ሥር ተቀምጠው ዕቃው የማን እንደነበረ ያወራሉ። ከኦልበኒ አልፎ መንገዱ የከምበርላንድን ሐይቅ የፈጠረውን የዎልፍ ክሪክ ግድብ በጀርባው ላይ ያቋርጣል። ወዲያው ጄምስታውን የሚባል ሁለተኛ ከተማ፣ የኬንታኪው፣ ስለሚመጣ የመንገድ መሪውን በስልክ የሚሞላ ሰው የግዛቱን ስም ጨምሮ መጻፍ ይኖርበታል።

ሰዓትም እዚህ መንገድ ላይ ያስቸግራል። ቻታኑጋ በምሥራቁ ሰዓት ስትተዳደር ደንላፕ ግን በመካከለኛው ነው፤ ኬንታኪ ውስጥ ከራስል ስፕሪንግስ ወደ ሊበርቲ ሲሻገሩ ተመልሶ ምሥራቁ ይሆናል። ጠዋት ወደ ሰሜን የሚነዳ ሰው ደንላፕ ላይ አንድ ሰዓት ያተርፋል፣ ያንኑ ሊበርቲ ላይ ይመልሳል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ለያዘ ሰው ሒሳቡ ሦስት እጥፍ ይሆንበታል።

ወደ ዕቃው ልግባ። የዚህ አገር እውነተኛ ሀብት ከባዱ ጥቁር የብረት መጥበሻ ነው። ሎጅ የተባለው ፋብሪካ ከ1896 ጀምሮ መጥበሻ የሚሠራው ከቻታኑጋ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በሳውዝ ፒትስበርግ ስለሆነ፣ በየደጃፉ የእርሱ ሥራ አይጠፋም። ቡና ለሚቆላ ሰው ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላውቅም፤ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ፍሬው እኩል ይጠቁራል እንጂ ግማሹ አርሮ ግማሹ ጥሬ አይቀርም። በቤተሰብ ደጃፍ ከአሥር እስከ ሃያ ዶላር የሚጠየቅበት መካከለኛ መጥበሻ፣ ነጋዴው ዘንድ በተለይ ግሪስዎልድ የሚል ጽሑፍና የኢሪ ከተማ ስም በጀርባው ካለበት፣ ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ያ ፋብሪካ በ1957 ስለተዘጋ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታልና። ለቡና መቁያ ግን ስሙ ምንም አይጨምርም። ዝገት ሊያስፈራ አይገባም፣ ተፈትጎ ዘይት ከጠጣ በኋላ ይለቃል። የሚያስፈራው ስንጥቅ ነው፤ መጥበሻውን በአንድ ጣት አንጠልጥሎ በሌላኛው እጅ የጣት አንጓ ሲመቱት እንደ ደወል ካልጮኸ መተው ነው። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚወዛወዘውም ለኤሌክትሪክ ምድጃ አይሆንም። ከሁሉ በላይ ግን፣ በገጠሩ አካባቢ አንዳንድ ሰዎች ጥይት ወይም የዓሣ ማጥመጃ ክብደት ለመሥራት በእንዲህ ያለ ዕቃ መርዛማውን ብረት እርሳስን (ሊድ) ያቀልጡ ስለነበር፣ ውስጡ ላይ ግራጫ ጠብታ የተጣበቀበትን መጥበሻ በነጻ ቢሰጡም አለመውሰድ ይበጃል።

ሁለተኛው የሚፈለገው የሲንጀር ልብስ ስፌት መኪና ነው። አገር ቤት የልብስ ሰፊ ዘመድ ያለው ሁሉ ያየው ይህ መኪና፣ እዚህ በየጋራዡ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፣ ባለቤቱም አብዛኛውን ጊዜ ከጠረጴዛው ለመገላገል ነው የሚሸጠው። በእግር ለሚረገጥ ማቆሚያ የሚሆን ላይኛው አካል ብቻ የሚፈልግ ሰው ሞዴሉን መለየት አለበት። 66 እና 15 የሚባሉት ሙሉ መጠን ስላላቸው የተለመደው ማቆሚያ ላይ ይገጥማሉ፤ 99 ግን አነስ ያለ በመሆኑ አይገጥምም። ከ15ቱም ውስጥ 15-91 የሚለው ሞተሩ በጥርስ ተያይዞ የተሠራ ስለሆነ በቺንጋ ለመንዳት አይመችም፣ 15-90 ግን ሞተሩ ከውጭ ስለሚታሰር ተፈትቶ በእግር ይሠራል። ይህን ቁጥር አብዛኛው ሻጭ አያውቀውም፤ ስለዚህ ሞተሩ የት እንደተገጠመ በዓይን አይቶ መለየት ይገባል። መንኮራኩሩን በእጅ ሲያዞሩት ቢደርቅ ዘይት የጠማው ነው እንጂ የሞተ ላይሆን ይችላል፣ ይህም ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት ነው። ለ40 ዶላር የገዛሁት 66 በጥቂት ዘይትና በትዕግሥት ተነሥቷል። ክብደቱ ታስቦ በ23 ኪሎ የሻንጣ ልክ ውስጥ ብቻውን ይገባል፤ ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ለሚጓዝ ሰው አንዱን ሻንጣ ለእርሱ መስጠት ማለት ነው።

በኤሌክትሪክ ስለሚሠራው ዕቃ ግን ለአገር ቤት ብሎ መግዛቱን አልመክርም። የዚህ አገር መስመር 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220፤ በዶላር የተገዛ መፍጫ አዲስ አበባ ላይ ከራሱ የሚበልጥ ትራንስፎርመር ይጠይቃል። በእጅ የሚዞር የሥጋ መፍጫ ወይም ኮልማን የተባለው ማሾ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው። የኮልማኑ ታች ላይ ወሩና ዓመቱ በቁጥር ተመትቶበት ስለሚገኝ ዕድሜውን ከሻጩ ወሬ ውጭ ማወቅ ይቻላል። የሕፃናት ዕቃ ደግሞ ጥንቃቄ ይሻል፦ ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት የሕፃን አልጋ ከጁን 2011 ወዲህ በደጃፍም ቢሆን መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው፣ የመኪና መቀመጫም የአገልግሎት ማብቂያው ፕላስቲኩ ላይ ተጽፏል። ከ1978 በፊት የተቀባ እንጨት የሊድ ቀለም ሊኖርበት ስለሚችል ልጅ ላለበት ቤት አይገባም። ለእንጀራ ምጣድ የሚሆነውን፣ የኖርዌይ ተወላጆች ቂጣቸውን የሚጋግሩበትን ሰፊ የኤሌክትሪክ ምጣድ በየደጃፉ ጠይቄ ነበር፤ ምን እንደሆነ የገባው ሰው እንኳ አላገኘሁም፤ እርሱን የሚፈልግ ወደ ሚኒሶታ ቢያቀና ይሻለዋል።

ስለ ክርክር አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ምናለሽ ተራ ያደገ ገዢ ግማሹን ጠርቶ፣ ዞር ብሎ ሄዶ፣ እስኪጠራ ድረስ የመጠበቅ ልማድ አለው። እዚህ ደጃፍ ላይ ይህ ስድብ ይመስላል፣ ሻጩም ተመልሶ አይጠራም። የሚሠራው ዘዴ ብዙ ዕቃ በአንድ ላይ ሰብስቦ «ለሁሉም ስንት ታደርጉልኛላችሁ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነው። ዝርዝር ገንዘብ መያዝም ከአንደበት ይበልጣል፤ አሥራ አምስት ለተባለ ዕቃ አሥር ዶላር ቆጥሮ የዘረጋን ገዢ ጥቂት ሰው ብቻ ይመልሰዋል። በተራራው ላይ የስልክ መስመር ስለሚቆራረጥ በስልክ እከፍላለሁ ብሎ መውጣት አይቻልም።

ብቻን መሄድ ይሻላል ወይ ለሚለው መልሴ አዎን ነው፣ ከነጉድለቱ። ብቻውን የሆነ ሰው በፈለገበት ይቆማል፣ ዓይቶ ያልወደደውን በአንድ ደቂቃ ትቶ ይሄዳል፣ «ደግሞ ይህን ምን ልታደርገው ነው?» የሚለው የለም። ነገር ግን መንገዱ አብዛኛው ባለ ሁለት መስመር ሆኖ በግራና በቀኝ መኪና ስለሚቆምበት፣ እየነዱ ዕቃ ማየት በእውነት አደገኛ ነው፤ ከፊት ያለው ሹፌር ያለ ምልክት ይቆማል፣ ሕፃን ከመኪና ጀርባ ብቅ ይላል። የእኔ ልምድ አንድ ቦታ አቁሞ ከሦስትና ከአራት ቤቶች በላይ በእግር ማዳረስ ነው። ከባድ ዕቃ መጫን ግን አላስቸገረኝም፤ ሻጮቹ ራሳቸው ያነሣሉ። በየጠረጴዛው መካከል የኮንፌደሬሽን ባንዲራ፣ ማለትም በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነትን ለማስቀጠል የተዋጉት የደቡብ ግዛቶች ባንዲራ፣ የሚሸጥበት ስፍራ መኖሩን ደግሞ ጥቁር መንገደኛ አስቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል። እንዲህ ያለውን ሳይ ሳልቆም አልፋለሁ። በቆምኩባቸው ደጃፎች የገጠመኝ ጥያቄ ከየት እንደመጣሁ ብቻ ነበር፣ እርሱም በወዳጅነት።

ምግቡ ለጾመኛ ፈተና ነው። በ2025 ሽያጩ የተከፈተው ኦገስት 7 ሲሆን ያ ቀን ነሐሴ 1 ስለነበር ፍልሰታ ከገበያው ጋር እኩል ገባ። አብያተ ክርስቲያናትና የእሳት አደጋ ሠራተኞች በየመንገዱ የሚሸጡት የተጠበሰ ሥጋ፣ ሃምበርገርና ፓይ ነው። ባቄላው ራሱ ከአሳማ ሥጋ ጋር የተቀቀለ ስለሚሆን ሳይጠይቁ መብላት አይቻልም፣ የተጠበሰው ባሚያም በአሬራ የተነከረ ሊሆን ይችላል። የተረፈው የተቀቀለ ኦቾሎኒ፣ በቆሎ ያለ ቅቤ፣ ቲማቲምና ሐብሐብ ነው፤ በዚያ ሙቀት ሐብሐቡ በቂ ነበር። እንጀራ በሽሮ አድርጎ በማቀዝቀዣ ሣጥን መያዝ የሚቀል ይመስለኛል።

ማደሪያ የዚህ ጉዞ ደካማው ጎን ነው። በመንገዱ ላይ ያሉት ጥቂት ሞቴሎች ከወራት በፊት ይሞላሉ፣ ያደርኩበት አንዱም ለእነዚያ ሌሊቶች ዋጋውን ከልኩ በላይ ሰቅሎ ነበር። ከክሮስቪል በስተ ምዕራብ በኢንተርስቴት 40 ላይ ያለችው ኩክቪል በግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ስለምትደረስ የተሻለች ናት። ከቀናቱ ሐሙስ ጠዋት ምርጫው ሰፊ ነው፣ ቅዳሜ ሕዝቡ ይበዛል፣ እሑድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀትር አልፎ የቀረውን ሁሉ በጥቂት ዶላር፣ አንዳንዱንም በነጻ ይሰጣሉ። የ2026ቱ ከኦገስት 6 እስከ 9 ነው። እኔ ሐሙስ ማለዳ በቀጥታ ክሮስቪል ላይ እጀምርና ከኦልበኒ አልዘልም፤ የቀረውን ጊዜ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያንኑ መንገድ ተመልሶ ለመውረድ አቆየዋለሁ።