ጉግል ማፕስ፦ ካርታው ይወደዳል፣ መሪው ድምፅ ያሰንፋል

ብያኔውን ከፊት እናስቀምጠው። ጉግል ማፕስ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጥቶ ዓመት ከዓመት እየዳበረ የመጣ ካርታ ነው፤ ለካርታነቱ ከ5 ሙሉ 5 ይገባዋል። የሚያሳዝነው ግን ብዙ ሰው ካርታውን ከነጭራሹ አያየውም። መድረሻውን ይጽፋል፣ ጉዞ ማስጀመሪያውን ይነካል፣ ከዚያ ወዲያ የሚሰማው "ከ200 ሜትር በኋላ ወደ ቀኝ" የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ደርሶ ሲወርድ በየት በኩል እንደመጣ ቢጠየቅ መልስ የለውም። አፑ ራሱም ወደዚያው ይገፋል፤ በገጹ ላይ ጎልቶ የሚታየው ቁልፍ እሱ ነውና። እዚህ የምንመዝነው ይህንን የድምፅ መሪ ነው። ለእሱ የምንሰጠው ከ5 3 ነው።

አስቀድሞ አንድ የተሳሳተ ግምት ይታረም። ኢንተርኔት ሲጠፋ ጂፒኤስም አብሮ የሚጠፋ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አይጠፋም። ስልኩ ከሳተላይት ሲግናል ለመቀበል ዳታም ሲም ካርድም አያስፈልገውም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆነው፣ እያንዳንዳቸው በቀን ሁለት ጊዜ ምድርን እየዞሩ፣ ሰዓቱንና ያሉበትን ቦታ ያለማቋረጥ ያሰራጫሉ። የስልኩ ሥራ ማዳመጥና ማስላት ነው፤ ወደ ሳተላይቱ የሚልከው ነገር የለም። ሲግናሉ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ስለሆነ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ የሰዓት ስህተት ርቀቱን በ300 ሜትር ያዛባዋል። በስልክ ውስጥ ያለው ሰዓት ደግሞ ለዚህ የሚበቃ አይደለም። ስለዚህ ሦስት ሳተላይት አይበቃም፤ አራተኛው የሚፈለገው የስልኩን የሰዓት ስህተት አስልቶ ለማውጣት ነው።

ታዲያ ኢንተርኔቱ ለምኑ ነው? የካርታውን ሥዕልና የትራፊኩን ሁኔታ ያመጣል፤ ሳተላይቶቹ የት የት እንዳሉ የሚናገረውን መረጃም በፍጥነት ያወርዳል። ኢንተርኔት ከሌለ ስልኩ ይህንኑ መረጃ ከሳተላይቱ በቀጥታ መስማት አለበት። መረጃው የሚደጋገመው በየ30 ሰከንዱ ነው፤ መሀል ላይ ሲግናሉ ከተቆራረጠ እንደገና ይጠብቃል። ለዚህ ነው ረዘም ላለ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ስልክ ቦታውን ለማግኘት የሚዘገየው። በዚህ ጊዜ አፑን እየዘጉ መክፈት አይረዳም። ሰማይ በሚታይበት ሥፍራ አንድ ሁለት ደቂቃ ቁሙ፤ ያገኘዋል።

ስለ ትክክለኛነቱ፦ ስልክ ክፍት ሰማይ ሥር ሲሆን በተለምዶ በ4.9 ሜትር ራዲየስ ውስጥ ቦታውን ያገኛል። ይህ በጣም ጥሩ ነው። ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ግን ሲግናሉ ግድግዳ ላይ እየነጠረ ይመጣል። የነጠረው ሲግናል ረዘም ያለ መንገድ ስለተጓዘ ስልኩ ሳተላይቱ የራቀ ይመስለዋል፤ ቦታችሁን በካርታው ላይ የምታሳየው ሰማያዊ ነጥብም ከመንገዱ ማዶ ትዘላለች። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚቀበሉ ስልኮች ገበያ ላይ ስላሉ ይህ ችግር በእነርሱ ላይ ቀለል ይላል፤ ፈጽሞ ግን አይጠፋም።

እዚህ ላይ ነው ካርታውና መሪው የሚለያዩት። ካርታውን ብቻ ስትከፍቱ በሰማያዊዋ ነጥብ ዙሪያ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ክብ ታያላችሁ። ክቡ የሚለው "ከዚህ ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ ነህ" ነው። ክቡ ሲሰፋ ስልኩ እርግጠኛ አይደለም ማለት ነው። ይህ ሐቀኛ ምልክት ነው፤ ከአፑ ሁሉ የምናከብረው ነገር ቢኖር እሱ ነው። የድምፅ መሪው ሲጀምር ግን ክቡ ይቀርና በምትኩ ቀስት ይመጣል። ቀስቱም በራሱ ወደ ቅርቡ መንገድ ይሳባል። ዋናው ጎዳናና የውስጥ መንገዱ ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ ወይም አንዱ በድልድይ ላይ ሌላው ከሥሩ ሲያልፍ፣ መሪው አንዱን ይመርጣል፤ መምረጡንም አይነግራችሁም። ዋሻ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሲግናሉ ቢቋረጥም ቀስቱ መሄዱን ይቀጥላል፤ በግምት ነው። ሲያውቅም ሲገምትም ድምፁ ያው ነው። ከቀነስናቸው 2 ነጥቦች አንዱ የተቀነሰው በዚህ ነው።

ይህ ጉድለት ሰዎችን ምን ያህል እንደሚያዘናጋ ከሮያል ማጀስቲ መርከብ በላይ የሚያሳይ የለም። እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1995 ይህች የመንገደኞች መርከብ ከቤርሙዳ ወደ ቦስተን ስትጓዝ በናንታኬት ደሴት አቅራቢያ ከአሸዋ ጋር ተጣብቃ ቆመች። ከወደብ ከወጣች ብዙም ሳይቆይ የጂፒኤሱ አንቴና ገመድ ተላቆ ነበር። መሣሪያው ሲግናል ሲያጣ ቦታውን ከመርከቧ ፍጥነትና አቅጣጫ እያሰላ መገመት ጀመረ፤ መገመቱን የሚገልጹት ግን ስክሪኑ ላይ የነበሩ ትንንሽ ፊደሎች ብቻ ነበሩ። 34 ሰዓት ያህል ማንም ልብ ሳይል መርከቧ ከመስመሯ 17 ማይል ያህል ወጣች። መኮንኖቹ ሥራቸውን ችላ አላሉም፤ ቦታቸውን በየሰዓቱ ካርታ ላይ ያሰፍሩ ነበር። የሚያሰፍሩት ግን ያንኑ ጂፒኤስ እያነበቡ ነው። ሎራን የተባለ ሌላ መሣሪያ እዚያው እያለ አላመሳከሩበትም። የተሳሳተን መሣሪያ በራሱ በመሣሪያው መፈተሽ አይቻልም፤ ከውጭ የሆነ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። ባለ ስልኩ መንገደኛ ያለው ሌላ ምስክር ደግሞ የራሱ ዓይንና በጭንቅላቱ የያዘው ካርታ ነው።

ያ ካርታ በራሱ አይሣልም። እ.ኤ.አ. በ2017 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ሰዎች በለንደን ሶሆ ሰፈር የቪዲዮ ጉዞ ውስጥ መንገድ ሲፈልጉ አንጎላቸውን በስካን ተከታትሏል። መንገዱን ራሳቸው ሲመርጡ፣ አዲስ ጎዳና በገቡ ቁጥር፣ የቦታ ትውስታ ላይ የሚሠራው ሂፖካምፐስ እንቅስቃሴው ይጨምር ነበር። ወዴት መታጠፍ እንዳለባቸው ሲነገራቸው ግን ጭማሪው አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ጂፒኤስን አዘውትረው የሚጠቀሙ ነጂዎች ያለ እሱ መንገድ ሲፈልጉ የቦታ ትውስታቸው ደከም ብሎ እንደተገኘ ጽፏል። ከሦስት ዓመት በኋላ በድጋሚ የተፈተኑት 13 ሰዎች ብቻ ስለነበሩ የመጨረሻ ቃል አድርጎ መያዝ አይገባም። ቢሆንም የማይሠራበት ችሎታ እንደሚዝግ ለማመን አያስቸግርም። ሁለተኛውን ነጥብ የቀነስነው ለዚህ ነው።

አፑን ማጥፋት አንመክርም። የምንመክረው መሪውን ወደ ካርታ መመለስ ነው፤ ከመነሳት በፊት ሦስት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

መድረሻውን ጽፋችሁ መንገዱ ሲወጣ ጉዞውን አትጀምሩ። መነሻውና መድረሻው አንድ ላይ እስኪታዩ ካርታውን በሁለት ጣት አሳንሱት። መድረሻው ከእናንተ በየት በኩል ነው? ሰሜን ነው ወይስ ደቡብ፣ ምሥራቅ ነው ወይስ ምዕራብ? ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው ስልኩ ቢጠፋበት እንኳ ጠዋትና ማታ የፀሐይን አቅጣጫ አይቶ ፊቱን ማስተካከል ይችላል። ቀጥሎ በመንገዱ ላይ የማይሳቱ ሦስት ወይም አራት ነገሮችን ምረጡ፦ ወንዝ፣ ባቡር ሐዲድ፣ አደባባይ፣ ሰፊ ጎዳና። ሱቅና ማስታወቂያ አትምረጡ፤ ይነሳሉ፣ ይቀየራሉ። ከሁሉ የሚጠቅመው ደግሞ ከመድረሻው አለፍ ብሎ ያለ አንድ ትልቅ ምልክት ነው። እሱን ካያችሁት አልፋችኋል ማለት ነው፤ ተመለሱ። ይህ ልማድ ብቻውን ብዙ መንከራተት ያስቀራል።

የመታጠፊያዎቹን ዝርዝር ክፈቱና ርቀቶቹን አንብቡ። በእግር የሚሄድ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ አንድ ኪሎ ሜትር 12 ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ያለ መታጠፊያ 20 ደቂቃ ተሂዶም ካልመጣ አልፋችሁታል። ዝርዝሩን ስክሪንሾት አንሱ፤ ረጅም ጉዞ ከሆነ ደግሞ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ባትሪ ለወረቀት አያስፈልገውም።

ከዚያ በሴቲንጉ ውስጥ የናቪጌሽን ክፍል ግቡና ካርታው ሁልጊዜ ሰሜንን ወደ ላይ እንዲያደርግ የሚያዘውን ምርጫ አብሩ። አፑ እንደመጣ ከተተወ ካርታው ከአፍንጫችሁ አቅጣጫ ጋር አብሮ ይዞራል፤ ለመታጠፍ ይመቻል፣ ለመማር ግን አይመችም፤ ያው ሰፈር በሄዳችሁበት ቁጥር ሌላ ቅርጽ ይዞ ይታያችኋላ። ሰሜን ሲጸና ወደ ደቡብ ስትሄዱ ግራና ቀኙ የተገላበጠ ስለሚመስል መጀመሪያ ላይ ያደናግራል። ታገሱት። ድምፁን ደግሞ የድምፅ ማጉያውን ምልክት ነክታችሁ ማስጠንቀቂያ ብቻ ወደሚለው አውርዱት። ስትመለሱ ያለ መሪ ተመለሱ። መንገድ ከኋላ ሲታይ ሌላ መንገድ ስለሚመስል ስትሄዱ በየመታጠፊያው አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ እዩ፤ በመልሱ የምታውቁት ያንን መልክ ነው።

ኦፍላይን ማፕ ላይ ጉግል ማፕስ ግማሽ ልብ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የፕሮፋይል ሥዕላችሁን ንኩ፣ የኦፍላይን ካርታዎችን ክፍል ክፈቱ፣ የራሳችሁን አካባቢ ምረጡ፣ ሳጥኑን ወደምትፈልጉት ስፋት አስተካክሉና በዋይፋይ ዳውንሎድ አድርጉ። ግን ያለ ኢንተርኔት የሚሰጠው የመኪና መንገድ ብቻ ነው። የእግር፣ የብስክሌትና የሕዝብ ትራንስፖርት መንገድ አይሰጥም፤ ትራፊክና አማራጭ መንገድም የለም። ካርታው የሚያልፍበት ጊዜም አለው፤ 15 ቀን ወይም ከዚያ ያነሰ ሲቀረው ዋይፋይ ካገኘ ራሱን ለማደስ ይሞክራል፣ ካላገኘ ግን ጊዜው ያልፍበታል። ረጅም ጉዞ ከመውጣታችሁ በፊት ማብቂያ ቀኑን እዩ። በእግር የምትሄዱ ከሆነ ከጎኑ ኦርጋኒክ ማፕስን ጫኑ፤ የኦፕን ስትሪት ማፕን መረጃ ይዞ የእግር መንገድን ጭምር ያለ ኢንተርኔት ያሰላል። ሁለት የተለያየ ምንጭ ያላቸው ካርታዎች መያዝ ማመሳከሪያም ይሆናል።

ብልሽት ከሚመስሉት ነገሮች ብዙዎቹ ሴቲንግ ናቸው። ሰማያዊው ክብ ኪሎ ሜትሮችን የሚሸፍን ከሆነ ለአፑ የተፈቀደለት ግምታዊ ሎኬሽን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በስልኩ የፈቃድ ገጽ ላይ ትክክለኛ ሎኬሽን የሚለውን አብሩ። ከነጥቧ የሚወጣው ጨረር ከሰፋ ወይም ወደ ሌላ ወገን ካመለከተ ኮምፓሱ ተዛብቷል፤ ስልኩን በአየር ላይ የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሠራችሁ ደጋግማችሁ አዙሩት። ማግኔት ያለው ሽፋን ወይም መኪና ውስጥ የሚለጠፍ ማግኔት ካለ አንሱት፤ እሱ እያለ ማስተካከሉ አይጸናም። ስክሪኑ ሲጠፋ ነጥቧ የምትቆም ከሆነ ባትሪ ቆጣቢውን ተጠራጠሩ። በኮኦርዲኔት ቦታ ስትላላኩ ደግሞ ኬክሮስ ይቀድማል፣ ኬንትሮስ ይከተላል፤ ሲገለባበጡ አፑ አይቃወምም፣ ሌላ አገር ይወስዳችኋል። ከነጥብ በኋላ 4 አሃዝ ወደ 11 ሜትር፣ 5 አሃዝ ወደ 1 ሜትር ገደማ ስለሚለይ 5 አሃዝ ለማንኛውም ደጃፍ ይበቃል።

ድምፁ በሙሉ ኃይሉ መሥራት ያለበት ጊዜም አለ፤ ሦስቱን ነጥብ ያገኘውም በዚህ ነው። ለማያይ ወይም ዓይኑ ለደከመ እግረኛ መተኪያ የለውም። በማያውቀው ከተማ በሌሊት ብቻውን የሚነዳ ሰውም ስክሪን ከሚያይ ድምፅ ቢሰማ ይሻላል። ታማሚ ይዞ ወደ ሆስፒታል የሚሮጥ ሰው ሰፈር የሚያጠናበት ሰዓት አይደለም። ስትነዱ መድረሻውን መኪናው ሳይነሳ ጻፉ፣ ስልኩን በማቆሚያው ላይ እይታችሁን በማይጋርድበት ቦታ አኑሩ፣ ከቻርጀር ጋር አያይዙት። በፀሐይ የጋለ ስልክ ቻርጅ መቀበል ያቆማል፣ ስክሪኑንም ያደበዝዛል፤ ማቆሚያውን ከመስታወቱ አውርዳችሁ የመኪናው የአየር ማስተንፈሻ አጠገብ አድርጉት፣ ሙቀት ከከፈታችሁ ግን ከዚያም አርቁት። መሪው ሊያስገባችሁ የፈለገው መንገድ የተዘጋ ወይም የሚያሰጋ መስሎ ከታያችሁ ቀጥ ብላችሁ እለፉ፤ አዲስ መንገድ በሰከንዶች ውስጥ ያሰላል።