«ራም ጨምሩ» ሲሏችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እዩ

ወገኖቼ፣ እኛ ላይ የደረሰው እናንተ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው። ላፕቶፓችሁ የሚንቀራፈፈው በተለይ ኢንተርኔት ስትከፍቱ ከሆነ፣ ጥገና ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ስጡኝ።

ታናሽ እህቴ የማስተርስ ጥናቷን እየጻፈች ነው። ላፕቶፗ ባለ 8 ጊጋ ራም ነው፤ ራም ማለት ኮምፒዩተሩ እየሠራበት ያለውን ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ ነው። ክሮም ከፍታ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳትሠራ ማውሱ አልንቀሳቀስ ይላል። ማራገቢያው ይጮኻል። የምትጽፈው ፊደል ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቆይቶ ነው። አንድ ማታ ጭራሽ ሃንግ አደረገና ሴቭ ያላደረገችው ሦስት ገጽ ጠፋባት። አለቀሰች። በነጋታው ሰፈራችን አቅራቢያ ወዳለ ጥገና ቤት ይዘነው ሄድን።

ባለሙያው ሁለት ደቂቃ ያህል ነካካውና «ራሙ አልቻለም» አለን። 4 ጊጋ ቢጨመርበት 12 ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ስለ ፍጥነት አታስቡ አለ። በተጨማሪ ራም የሚያጸዳ ፕሮግራም እጭንላችኋለሁ አለ። ሁሉም በአንድ ላይ 5,500 ብር። «ማታ መጥታችሁ ውሰዱ» አለን። እኛም ተስማማን። ደረሰኝ አልጠየቅንም።

ሁለት ቀን ደህና ሠራ። በሦስተኛው ቀን ያው ሆነ።

መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ያን ጊዜ አደረግሁ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ገብታችሁ «ሜሞሪ»ን ስትነኩ ጠቅላላ ራማችሁን ያሳያችኋል። የእህቴ 8 ጊጋ ይላል። 12 አይልም። ከሥር ደግሞ ከሁለቱ የራም ማስገቢያዎች ስንቱ እንደተያዘ ይጽፋል። ሁለቱም ተይዘዋል። ላፕቶፑ ሲገዛ በተሰጠን ወረቀት ላይ ግን ባለ 8 ጊጋ አንድ ራምና አንድ ባዶ ማስገቢያ ነበር የተጻፈው። ስለዚህ የእኛን 8 አውጥተው ሁለት ባለ 4 ከተቱበት። 5,500 ብር ከፍለን ያንኑ 8 ጊጋችንን ይዘን ተመለስን።

ሄደን ጠየቅናቸው። «ስታመጡት እንዲሁ ነበር» አሉን። ፎቶ የለን፣ ደረሰኝ የለን። ምን ብለን እንከራከር? በጣም ነው ያንገበገበኝ። ያ ብር እህቴ ለጥናቷ መጠይቅ ማባዣ ያስቀመጠችው ነበር።

ደግሞም ችግሩ መጀመሪያውኑ ራሙ አልነበረም። ክሮም የራሱ ታስክ ማናጀር አለው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ክሮም ላይ ሆናችሁ ሺፍትና ኢስኬፕን ተጫኑ። እያንዳንዱ ታብ (የከፈታችሁት ገጽ) እና እያንዳንዱ ኤክስቴንሽን (ክሮም ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ስንት ሜሞሪ እንደያዘ በዝርዝር ይወጣል። የሜሞሪውን ዓምድ ስትነኩት ከብዙ ወደ ትንሽ ይደረድረዋል። እህቴ 47 ታብ ከፍታለች። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ፒዲኤፍ የሚቀይር ኤክስቴንሽን ብቻውን ከ1 ጊጋ በላይ ይዟል። ለአንድ ቀን ሥራ ጭናው የረሳችው ነው። አጠፋነው። ላፕቶፑ ወዲያው ተነፈሰ።

ክሮም ሜሞሪ የሚበላበት ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ጀምሮ ታቦቹን ለየብቻ ነው የሚያስኬዳቸው። አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ አብረው እንዳይወድቁ ነው። በ2018 ደግሞ ስፔክተር የሚባለው የፕሮሰሰር ክፍተት ሲታወቅ፣ አንዱ ድረ ገጽ የሌላውን መረጃ እንዳይሰርቅ መለያየቱን የበለጠ አጠበቁት። ጉግል ራሱ ያን ጊዜ የሜሞሪ ፍጆታው ከ10 እስከ 13 በመቶ እንደሚጨምር ተናግሯል። ስለዚህ ባንክ ስትከፍቱ፣ ኢሜይል ስትከፍቱ፣ የምትከፍሉት የደህንነት ዋጋም አለበት። ይህ የራም ብልሽት አይደለም። «ክሮም ከከበደህ ራምህ ሞቷል» የሚላችሁን አትመኑ።

ወደዚያ «ራም የሚያጸዳ» ፕሮግራም ልመለስ። ቁጥሩን ሲቀንስ ታያላችሁ፣ ደስ ይላል። የሚያደርገው ግን ሜሞሪ ላይ ያለውን በግድ ገፍቶ ዲስክ ላይ መጻፍ ነው። ወደ ታቡ ስትመለሱ ኮምፒዩተሩ ያንኑ ከዲስክ መልሶ ያነባል። ዲስክ ከራም እጅግ ይዘገያል፤ አሮጌው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ከሆነማ አይነሳ። ዘዴው አዲስም አይደለም። በ1995 አሜሪካ ውስጥ «ሶፍትራም 95» የሚባል፣ ራምን በእጥፍ አሳድጋለሁ የሚል ፕሮግራም ከ600 ሺህ ኮፒ በላይ ተሸጧል። በዓመቱ የአገሪቱ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ማስታወቂያው ሐሰት ነው ብሎ ያዛቸው። ፕሮግራሙ ራም አልጨመረም።

በነፃ የሚገኘውም አደጋ አለው። «ዘ ግሬት ሰስፔንደር» የሚባል፣ ያልተነኩ ታቦችን የሚያስተኛ ኤክስቴንሽን ነበር። ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው ይጠቀምበት ነበር፤ በሙያው ሰዎችም የተመሰገነ ነው። በ2020 የሠራው ሰው ለማይታወቅ ወገን ሸጠው። በየካቲት 2021 ጉግል ጎጂ ኮድ አለበት ብሎ ከሁሉም ሰው ኮምፒዩተር ላይ ዘጋው። ኤክስቴንሽን ፈቃዱን ከሰጣችሁት የምታነቡትን ገጽ ሁሉ ማየት ይችላል። ሜሞሪ ለመቆጠብ ብላችሁ ማንነቱን ለማታውቁት ሰው በር አትክፈቱ።

ደግሞ አያስፈልግም። ክሮም ሴቲንግ ውስጥ «ፐርፎርማንስ» በሚለው ሥር «ሜሞሪ ሴቨር» አለ። አብሩት። ለረጅም ጊዜ ያልነካችሁትን ታብ ያስተኛል፣ ስትመለሱበት እንደገና ይጭነዋል። ድምፅ እያሰማ ያለን፣ ፋይል እያወረደ ያለን ወይም ግማሽ ቅጽ የሞላችሁበትን ገጽ አያስተኛም። በኢንተርኔታችን ፍጥነት ገጹ እንደገና ሲጫን ሊያስጠብቃችሁ ይችላል፤ ሁሌ የምትፈልጉትን ድረ ገጽ እንዳይተኛ መለየት ይቻላል። ሌሎቹ ብራውዘሮች ኤጅም፣ ፋየርፎክስም የየራሳቸው ማስተኛ አላቸው። ሁሉም በነፃ።

ራም መጨመር በጭራሽ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። 4 ጊጋ ይዛችሁ ዊንዶውስ 11 ላይ ክሮምና ወርድ አንድ ላይ የምትከፍቱ ከሆነ ይጠቅማችኋል፣ ጨምሩ። ግን ስትሄዱ ያንን የታስክ ማናጀር ገጽ፣ ጠቅላላው ራምና የማስገቢያው ቁጥር በሚታይበት፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ሲፈታ ቁሙና እዩ። «ማታ ኑ» ካሏችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። ሲጨርሱ ብሩን ከመስጠታችሁ በፊት ያንኑ ገጽ እዚያው አስከፍቱ። የተቀየረ ዕቃ ካለ አሮጌው የእናንተ ነው፣ ተቀበሉ። ደረሰኙ ላይ የራሙ መጠን ይጻፍ። ስስ ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ ብዙዎቹ ላይ ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፣ የሚጨመርበት ቦታ ላይኖረው ይችላል። እሱን ሳያዩ ዋጋ የሚጠሩላችሁ ሰዎች አሉ።

ባለፈው ሳምንት የጓደኛዬን ላፕቶፕ ይዘን ሌላ ቦታ ሄድን። ጠጋኙ ልጅ ብሎኑን እንደፈታ ሥራውን አቆመና «ና ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያለውን ፎቶ አንሳው» አለኝ። ራሙን አወጣ፣ ጽሑፉን አሳየን፣ መልሶ ከተተው። ከዚያ ክሮሙን አስከፍቶ ታቦቹን ቆጠረ። «ይሄ ራም አያስፈልገውም» ብሎ 200 ብር ብቻ ተቀበለን።