ፒክአፕ የገባለት ክራር ለፓንክ ይሆናል?

ለሠርግና ለባህል ምሽት ይህ ደሴ ላይ የተሠራ ባለ6 አውታር ክራር ምንም አይወጣለትም። ገበቴው በወጉ ተፈልፍሏል፣ ቆዳው እኩል ተወጥሯል፤ ከብርኩማው (አውታሮቹ ከሚያርፉበት ድልድይ) አጠገብ ፒዬዞ ፒክአፕ፣ ማለትም ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ፣ ተለጥፎ በጎኑ የጃክ መሰኪያ ወጥቶለታል። ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር መሣሪያ) ሲገባበት ግን ጠባዩ ይለወጣል።

ቅኝቱን እናስቀድም፣ ትልቁ ጥቅሙ እዚያ ነውና። ፓንክ፣ ፈጣኑና ሸካራው የሮክ ዓይነት፣ የሚቆመው በፓወር ኮርድ ነው፤ መነሻው ድምፅና አምስተኛው፣ በቃ። ባቲ ማይነር፣ ማለትም ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት፣ ሮክ ጊታሪስቶች ማይነር ፔንታቶኒክ የሚሉት ራሱ ነው፤ ከሶል በቀር በሁሉም ላይ ፓወር ኮርድ ይሠራል። አምባሰል ሦስት ብቻ ቢሰጥም ዶና ሬ ፍላት በግማሽ ድምፅ ስለሚጎራበቱ በሁለቱ መካከል መመላለስ ብቻውን ኃይለኛ ሪፍ (ተደጋጋሚ አጭር ዜማ) ይሆናል። አንቺሆዬ ላይ ሶል ዝቅ ስለሚል በመነሻው ድምፅ ኮርዱ አይቆምም፤ ለዜማ እንጂ ለግርፍ አይመችም።

ግርፉም ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን አውታሮች ያፍናሉ፣ ቀኝ እጅ ሁሉንም ይመታል። ሁለት አውታር ብቻ ክፍት ይተው። ሦስተኛ ካመለጠ ዲስቶርሽኑ ውስጥ ድምፁ ይጨማለቃል።

የፓንክ ባንዶች ከሌላ ሙዚቃ መውሰዳቸው አዲስ ነገር አይደለም። የእንግሊዙ ባንድ ዘ ክላሽ በ1977 ሬጌን ወደ ለንደን ፓንክ አስገባ። በ1979 አምስተርዳም የተመሠረተው ዘ ኤክስ ደግሞ ከጌታቸው መኩሪያ ጋር በ2006 አልበም አወጣ፤ ጌታቸው የሳክስፎን ሽለላቸውን አልለቀቁም፣ ጊታሮቹ ናቸው ከሥር የገቡላቸው። ወሎ ላይ ባቲና አምባሰልን ይዞ የአሜሪካውን ፓንክ ባንድ የራሞንስን ኮርድ ብቻ የሚደግም ባንድ ምን ይባላል!

አሁን ወደ ጉድለቱ። ድምፅ ከፍ ሲል ቆዳው እንደ ማይክ ይሆንና ይጮኻል። ፒክአፑ ከቆዳው መሀል ርቆ ብርኩማው እግር ሥር ይለጠፍ፣ ገበቴው ውስጥ በሳሳ ጨርቅ ይሞላ፣ ከ120 ሄርትዝ በታች ያለው ይቆረጥ፤ ተጫዋቹም አምፕሊፋየሩ ፊት አይቁም። ሁለተኛው፣ ፒዬዞ ኢምፒዳንሱ (ለምልክቱ የሚያሳየው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም የሆነ መግቢያ ይፈልጋል። በቀጥታ ሚክሰር ላይ ሲሰካ ቤዙ ጠፍቶ ቀጭን የሚሆነው ለዚህ ነው፤ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ፕሪአምፕ (ደካማውን ምልክት የሚያጎላ ትንሽ መሣሪያ) ከዲስቶርሽኑ በፊት ይግባ፣ እስከ እሱ ያለው ገመድም ከ5 ሜትር አይብለጥ።

ቅኝት አለመያዙ የሠሪው ጥፋት አይደለም። በደሴ ክረምት ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፣ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ይዘውት ሲወርዱ ይወጠራል። ከሣጥኑ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቆይ መቃኘት ድካም ነው።

ሲያዝዙ መሰኪያው ከውጭ በብሎን የሚፈታ እንዲሆን ይናገሩ። በሙጫ የተለጠፈ ከሆነ፣ የውስጡ ሽቦ በተበጠሰ ቀን ቆዳው ሳይነሳ አይደረስበትም።