የራሴን ዲናሞ ቀለም ቀብተው መልሰው ሸጡልኝ

ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው። የድሮ ኮሮላ የምትነዱ ሁሉ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ኤሌክትሪክ ከማሠራታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ቤቱን አልጠራም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ኮፈኑ ሳይከፈት «ጋሼ፣ ዲናሞ ነው» የሚለው ነው፤ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገውን ዕቃ ማለቱ ነው።

የእኔዋ ማታ መብራቷ ይደክማል፤ ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ልጁ ቴስተር እንኳ አላስነካም። «እስክንፈታው ሻይ ይጠጡ» አለኝ፤ ሄድኩ። ስመለስ የጠቆረ ዲናሞ እጄ ላይ አስቀመጠ። «ይኸው ተቃጥሏል፣ ያሽትቱት።» አሸተትኩ። አመንኩት። አዲስ ነው ላለው 18,500 ብር ከፈልኩ። መኪናዋን አሳድሮ ጠዋት ሲሰጠኝ በአንዴ ተነሳች። ባትሪውን ሌሊቱን ቻርጅ ላይ እንዳሳደረው የገባኝ አሁን ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ ማለትም ትናንት፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ስሄድ ከአማኑኤል በኋላ ዝናብ ያዘኝ። መብራትና ዋይፐር አበራሁ። ዋይፐሩ እየተጎተተ ቆየና ደምበጫ መግቢያ ላይ መኪናዋ ጠፋች። ልጆች ገፍተው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ አደረሱኝ።

«አባባ፣ ዲናሞው አዲስ ነው» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። በግፊ አስነስተው ቴስተራቸውን አመጡ። ዲናሞው ላይ 14.2 ቮልት፣ ባትሪው ላይ 12.1። «ዲናሞው ቻርጅ ያደርጋል፤ ባትሪው ጋ አይደርስም» አሉ። ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የማሳ (የኔጌቲቭ) ገመድ ነካ ሲያደርጉት ተነቃነቀ። ጫፉን አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። ፈትተው በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉና አጥብቀው አሰሩት። ባትሪው ላይም 14 አለፈ። የጠየቁኝ 200 ብር ነው።

ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ዲናሞውን አተኩረው አዩት። ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጆሮውን፣ ከሞተሩ ጋር በብሎን የሚታሰርበትን፣ አሸት አሸት አደረጉት። ብርማው ቀለም ጨርቁ ላይ ቀረ። ከሥሩ የብየዳ ጠባሳ ብቅ አለ። አምና ተሰብሮ ቡሬ ላይ ያስበየድኩት ጆሮ! «ወንድም ዓለም፣ አዲስ ያልከኝ ይኼን ነው?» አሉኝ። አፌ ተሳሰረ። ያስሸተተኝ የጠቆረው የማን ዲናሞ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ያን ብየዳ አጠገቡ ቆሜ ነው ያሠራሁት። የጠቆረውን ዲናሞ አንዴ ገልበጥ አድርጌ ጆሮውን ባየው ኖሮ፣ ብየዳ ስለሌለው የእኔ እንዳልሆነ አውቄ እዚያው ያበቃ ነበር። አላየሁም።

ዛሬ ጠዋት ተመልሼ ማርቆስ ሄድኩ። ልጁ ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም። «የኤሌክትሪክ ዕቃ መመለስ የለም።» ብየዳውን አሳየሁት። «ደረሰኝ አለህ?» ገንዘቡን እስኪቀበል እርስዎ፣ ጋሼ ሲለኝ የነበረ ልጅ ነው። ሠራተኞቹ ሳቁ። 18,500 ብሩ አይደለም፣ ያ ሳቅ ነው እስካሁን ያልወጣልኝ።

ሞተር ጠፍቶ ባትሪው 12.6 አካባቢ፣ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ማንበብ አለበት። ካልሆነ መጀመሪያ ማሳውንና የባትሪውን ጫፎች አስፈትሹ። ዕቃ ከመፈታቱ በፊት ለምልክት በምስማር ጫር አድርጉበት። ያለ ደረሰኝ አትክፈሉ። ሲፈቱም ከአጠገባቸው አትራቁ፣ ሻይው ይቆይ።