ያገለገለ የአኳሪየም አፈር በገንዘብ እንዳትገዙ

ወገኖች፣ በተለይ ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ የዓሣና የውሃ ውስጥ ተክል ወዳጆች፣ ይቺን ሳታነቡ ለማንም ብር እንዳትልኩ።

ሰሞኑን የሰፈር መሸጫ ገጾች ላይ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ በዝቷል። ተክል ላለበት የዓሣ ገንዳ ታች የሚነጠፍ ጥቁር አፈር በባልዲ ሙሉ ይታያል፤ ከጎኑ የድሮው ከረጢት ፎቶ አለ። «ያገለገለ አኳ ሶይል። አሞኒያ የማይለቅ። ዛሬ አስገብተህ ዛሬውኑ ዓሣ ትጨምራለህ» ይላል። ዋጋው የአዲሱ ግማሽ ነው። አዲሱ ባለ 9 ሊትር ከረጢት ከ40 ዶላር በላይ ስለሚያስወጣ፣ ተለቅ ላለ ገንዳ ደግሞ አንድ ከረጢት ስለማይበቃ፣ ሰው ቢጓጓ አይፈረድበትም። አንድ ወዳጄ ገዛና «እስቲ እየው» ብሎ ጠራኝ። አንዷን ፍሬ በሁለት ጣቴ ጫን ሳደርጋት ሟሟች። እጄ ላይ የቀረው ጭቃ ነው። ሻጩ ሲደወልለት «አይተህ ነው የገዛኸው» አለ፤ ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሳም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ይህ አፈር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አኳ ሶይል ጠጠር አይደለም፤ እውነተኛ አፈር ነው። በተክል ገንዳ ማስዋብ የታወቀው ታካሺ አማኖ የመሠረተው የጃፓኑ ኩባንያ ኤዲኤ የሚሸጠው አማዞኒያ፣ ከጃፓኑ አሶ እሳተ ገሞራ ግርጌ የሚመጣው ፍሉቫል ስትራተም፣ የዴንማርኩ ትሮፒካ፣ ሁሉም ዘራቸው አንድ ነው። አፈሩ ድቡልቡል ፍሬ ሆኖ ይሠራና በሙቀት ይጠነክራል። ሙቀቱ ግን ልክ አለው። በጣም ቢተኮስ ጭራሽ አይፈርስም ነበር፤ ነገር ግን ተክሉ የሚፈልገው ብስባሽ አብሮ ይቃጠላል፣ ንጥረ ነገር ይዞ የማቆየት አቅሙም ይቀንሳል። ስለዚህ መፍረሱ የፋብሪካ ጉድለት አይደለም። ጥቅሙና ዕድሜው አብረው የተሰጡት ነው።

አዲስ ሲሆን ሁለት ትልልቅ ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ሥር ይመግባል። መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ የሚለቀው አሞኒያ ዓሣ የሚገድል ቢሆንም የዚሁ ሀብት ምልክት ነው። ሁለተኛ፣ ውሃውን ያለሰልሳል። ካልሲየሙን ይይዝና በምትኩ ሃይድሮጅን ይለቃል፤ ኬኤች (ፒኤች እንዳይወርድ የሚይዘው የካርቦኔት መጠን) ይወርዳል፣ ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ወደ 6 እና 6.5 አካባቢ ይጠጋል። ለስላሳ ውሃ የሚወዱትን ክሪስታል ሽሪምፕ የሚባሉ ትንንሽ ሽሪምፖች የሚያረቡ ሰዎች ውድ አፈር የሚገዙት ለዚህ ብለው ነው። ይህ አቅም ግን ያልቃል። ውሃችሁ ኖራ የበዛበት ከሆነ ደግሞ ቶሎ ያልቃል፤ ውሃ በቀየራችሁ ቁጥር አዲስ ኖራ ይመጣበታላ። እንደ ውሃውና እንደ አያያዙ ይለያያል እንጂ፣ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙው አቅሙ ይሟጠጣል።

ፍሬውም ከዚሁ ጋር እየላላ ይሄዳል። ተክል ሲነቀል፣ ዓሣ ሲቆፍር፣ የማጽጃ ቱቦ ሲገባበት ይሰባበራል። ደቃቁ ወደ ታች ይወርድና በፍሬዎቹ መሃል ያለውን ክፍተት ይደፍናል። ውሃ አያሳልፍም፤ ኦክስጅን ታች አይደርስም። ያኔ ሥር ይጠቁራል። ሲነካ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ቡልቅ ይላል።

«አሞኒያ የማይለቅ» የሚለው ማባበያ ውሸት አይደለም። አይለቅም፤ የሚለቀው አልቆበታላ! ከበረካ የተረፈውን አተላ በአቦል ዋጋ መሸጥ ማለት ይሄ ነው።

«ባክቴሪያው አብሮ ይመጣል» የሚሉም አሉ፤ አሞኒያውን ዓሣ ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጠውን ባክቴሪያ ማለታቸው ነው። አፈሩ ላይ ባክቴሪያ መኖሩ እውነት ነው። ግን ክዳን በተገጠመበት ባልዲ ውስጥ እርጥብ ሆኖ ሲከርም፣ ኦክስጅን የሚፈልጉት ጠቃሚዎቹ ናቸው የሚጎዱት። ደርቆ ከመጣም ያው ነው። ጥሩ ባክቴሪያ ካስፈለጋችሁ ጤነኛ ገንዳ ያለው ጓደኛ ከፊልተሩ (ከውሃ ማጣሪያው) ስፖንጅ ትንሽ ይቁረጥላችሁ። ነፃ ነው፤ ከባልዲ አፈርም በእጅጉ ይሻላል።

አሁን ደግሞ ወደ ተንኮሉ። አፈሩ ሲደርቅ ያምራል። ይነፋል፣ ደቃቁ ይወገዳል፣ የቀረው ፍሬ በፎቶ ከአዲስ አይለይም። ውሃ ሲነካው ነው ጉዱ የሚወጣው። ሌላው ብልጠት ይብሳል። አንዳንድ ኩባንያዎች ከመደበኛው ሌላ «ፓውደር» የሚባል ፍሬው ደቀቅ ያለ ዓይነት አላቸው። የተሰባበረ አሮጌ አፈር በዚሁ ስም ሲሸጥ አይቻለሁ። እውነተኛው ፓውደር ፍሬው ትንሽ ይሁን እንጂ ድቡልቡልና ተመሳሳይ ነው። ጠርዙ የተሸራረፈ፣ አቧራ የበዛበት ከሆነ ስብርባሪ ነው።

እዚህ አገር የክረምቱን ነገርም አትርሱ። እርጥብ አፈር ጋራዥ ውስጥ ከርሞ ከቀዘቀዘ፣ ፍሬው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጥና ይሰነጥቀዋል። በጋ ላይ የሚሸጥላችሁ ባልዲ ክረምቱን የት እንዳሳለፈ ጠይቁ።

ለመፈተን ብዙ አያስፈልግም። ጥቂት ፍሬ ብርጭቆ ውስጥ ከውሃ ጋር አድርጉና አሳድሩት። በነጋታው በጣታችሁ ጨመቅ አድርጉት፣ ከዚያ ብርጭቆውን በቀስታ አወዛውዙት። አዲስም ቢሆን ውሃውን ትንሽ ያደፈርሳል፤ ፍሬው ግን ቅርጹን ይይዛል። የሞተው ቡና የመሰለ ውሃ ያወጣና ታች ላይ ለጥ ያለ ጭቃ ይተኛል። የኬኤች መለኪያ ካላችሁ ደግሞ ያንኑ የቧንቧ ውሃ አፈሩ ላይ ከመጨመራችሁ በፊትና ካደረ በኋላ ለኩ። ምንም ካልወረደ ሥራውን ጨርሷል። ሻጩ ናሙና አልሰጥም ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ማየት የማትችሉት ነገርም አለ። የቀንድ አውጣ እንቁላል እሺ ይሁን። ግን የድሮው ባለቤት ለዓሣ በሽታ መዳብ ያለበት መድኃኒት ጨምሮ ከነበረ፣ አፈሩ መዳቡን ይዞ ሊቆይና ሽሪምፓችሁን ሊጨርስ ይችላል። ይሄን ሻጩ ራሱ ላያስታውሰው ይችላል።

ገንዳ ከነሙሉ ዕቃው የምትገዙ ከሆነ ዋጋውን የመስታወቱን፣ የፊልተሩንና የመብራቱን ደምሩ። አፈሩን ዜሮ ቁጠሩት። «አፈሩ ብቻ መቶ ዶላር ያወጣል» ሲሏችሁ፣ ሲገዛ ነው ያወጣው በሏቸው። በነፃ ከሰጧችሁ ግን አትጣሉት፤ ለበረንዳ አበባ ማሰሮ ጥሩ ነው።

ብር ለመቆጠብ ለምትፈልጉ የሚያዋጣው ሌላ ነው። ተራ አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር ግዙ፤ ሥሩ አጠገብ የሚቀበር እንክብል ማዳበሪያ በየጥቂት ወሩ ጨምሩ። እንደ ሲኬም ኩባንያ ፍሎራይት ያለ የሸክላ ጠጠርም አለ። ውሃ አያለሰልስም፤ ግን ጭቃ አይሆንም፣ ታጥቦ ይመለሳል። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን የሚባሉትን ተክሎች ብቻ ከሆነ የምትተክሉት፣ ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ እሰሯቸው እንጂ አፈር ምን ያደርግላችኋል?

ወደ አዲስ አበባ በሻንጣ ለምትወስዱም አንድ ነገር። በኪሎ ከፍላችሁ የምትጭኑት ከሆነ የታሸገ አዲስ ይሁን። በእርጥቡ ባልዲ የምትከፍሉት ለውሃም ጭምር ነው።

ቀድማችሁ የገዛችሁና ያስገባችሁ ካላችሁ ደግሞ በችኮላ አትቆፍሩት። ታች የተከማቸው ቆሻሻ በአንዴ ከተነሳ አሞኒያው ዓሣውን ሊያፍን ይችላል። ዓሣዎቹን ከፊልተሩ ጋር ሌላ ዕቃ ውስጥ አውጡ፣ ውሃውን ጨርሳችሁ አፍስሱ፣ ከዚያ ነው አፈሩን መዛቅ። ፊልተሩ እየሠራ ይቆይ፤ ከጠፋና ከደረቀ ባክቴሪያው ይሞትና ሥራው እንደገና ከዜሮ ነው።