በሲሸልስ ባሕር ላይ እያደሩ ዓሣ ማጥመድ፦ ለገሀር አካባቢ የተገዛ የአምስት ሌሊት ጉዞ

ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ለገሀር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚገኝ የጉዞ ወኪል ባለፈው ጥቅምት ለእኔና ለእህቴ ባል የአምስት ሌሊት የዓሣ ማጥመድ ጉዞ ሸጦልን ነበር። መድረሻው ሲሸልስ ሲሆን ማደሪያው ግን ሆቴል አይደለም፤ ተሳፋሪው የሚበላውም የሚተኛውም እዚያው በሚያጠምድበት ጀልባ ላይ ነው። ወኪሉንም ጀልባውንም በስም አልጠራም፤ ከምነቅፈው ውስጥ እስካሁን የታረመ ሊኖር ይችላልና። ለመሄድ የሚያስብ ሰው ሊጠይቃቸው የሚገቡትን ጥያቄዎች ግን ከነምክንያታቸው ለመጻፍ እሞክራለሁ። ዋናው ጥያቄም አንድ ነው፦ በከፈልኩት ገንዘብ ክሬ ስንት ሰዓት ውኃ ውስጥ ይቆያል?

ይህ ጥያቄ ለምን እንደሚቀድም ለመረዳት የቦታውን አቀማመጥ ማወቅ ይጠቅማል። ሲሸልስ 115 ደሴቶች ያሏት አገር ናት። ዋናዋ ደሴት ማሄና በዙሪያዋ ያሉት የግራናይት ደሴቶች የቆሙት ጥልቀቱ በአብዛኛው ከ50 እስከ 60 ሜትር በሚደርስ፣ ባሕሩ በሸፈነው ሰፊ ሜዳ ላይ ነው። ይህ ሜዳ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ድንገት ገደል ሆኖ ከሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ደብረ ሲና አናት ላይ ቆሞ ቁልቁል ቆላውን የተመለከተ ሰው ቅርጹን በቀላሉ ይረዳዋል። ከጥልቁ የሚመጣው የውኃ ጅረት የገደሉን ግድግዳ ሲገጭ ለባሕር ሕይወት ምግብ የሚሆን ቀዝቃዛ ውኃ ወደ ላይ ይገፋል፤ ትንንሾቹ ዓሦች እሱን ተከትለው ይከማቻሉ፤ ቱና፣ ዋሁና ሰይልፊሽ የሚባሉት ትልልቅ ዓሦች ደግሞ ትንንሾቹን ተከትለው ይመጣሉ። ስለዚህ አጥማጅ የሚፈልገው ቦታ ጠርዙ ነው። በሰሜን በኩል በጠርዙ አጠገብ ያለችው በርድ ደሴት ከማሄ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስ ጀልባ እስከዚያ ሄዶ የሚተርፈው ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። በጀልባ ላይ የሚያድር ሰው ግን ንጋት ላይ፣ ዓሣው ምግቡን በሚፈልግበት ሰዓት፣ ከቦታው አጠገብ ይነቃል። ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልበት አጥጋቢ ምክንያት ይህ ብቻ ይመስለኛል።

እኔ የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ በኪስ ማስታወሻዬ ላይ ክር የተጣለበትንና የተሰበሰበበትን ሰዓት ስመዘግብ ነበር። ወኪሉ የሰጠን ወረቀት “አምስት ቀን ሙሉ ዓሣ ማጥመድ” ይላል። የተመዘገበው ግን 31 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ቀን ግማሹ ዕቃ በመጫንና ወደ ሰሜን በመጓዝ አለቀ፤ የመጨረሻው ቀን ጠዋት ወደብ ለመግባት ሲባል ምንም አልተጣለም፤ ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከእኛ ጋር የተሳፈሩ ባልና ሚስት ዋና ፈልገው በአንዲት ደሴት ጥግ መልሕቅ ተጣለ። የኋለኛው በተለይ ቅር አሰኝቶኛል። ጀልባው ለአጥማጆች ብቻ መሆኑን ወይም ከሽርሽር ተጓዦች ጋር የሚደባለቅ መሆኑን ወኪሉ ቀድሞ ሊነግረን ይገባ ነበር፤ እነዚያ ሰዎችም ቢሆኑ ቀኑን ሙሉ የዓሣ ደም ሲታጠብ ለማየት አልከፈሉም።

ያስተናገደችን ወጣት ትሑትና ፈጣን ነበረች፤ የአውሮፕላን ትኬቱንም ሆነ የሲሸልሱን በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ ያለ አንዳች እንከን ጨርሳልናለች። ችግሩ የሸጠችውን ነገር አለማወቋ ነበር። የእህቴ ባል ስለ ማዕበሉ ሲጠይቃት፣ “ጋሼ፣ እሱ አያሳስብዎት፤ ሆቴል እንደመግባት ማለት ነው” አለችው። ከኢትዮጵያ የሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ መያዝ እንዳለበት፣ ካርዱም የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ መሆኑን የሰማነው ከእርሷ ሳይሆን ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ለዚያውም በረራው ሁለት ሳምንት ብቻ ሲቀረው።

ከዚህ የባሰው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ወኪሉ የጀልባውን ፕሮግራም ወደ አማርኛ መልሶ ሲሰጠን “ጀልባው ከወደብ የሚነሳው በ10 ሰዓት ነው” ብሎ ጽፎልን ነበር። እኛም እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ሰው ከቀኑ 10 ሰዓት መስሎን ጠዋት በዋና ከተማዋ በቪክቶሪያ ገበያ ውስጥ ቅመም እያሸተትን ስንዘዋወር፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ20 ላይ ካፒቴኑ ስልክ ደውሎ የት እንዳለን ጠየቀን። ለካ ፕሮግራሙ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሻንጣችንን ይዘን ወደቡ ላይ ስንደርስ ስምንት ሰው ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ይጠብቀን ነበር። የእህቴ ባል እስከ ማታ ድረስ ከማንም ጋር ዓይን ለዓይን አልተያየም።

ጀልባው ካታማራን ነው፤ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ አካሉ፣ ማለትም ቀፎው፣ ጎን ለጎን የተያያዘ ሁለት ነው። ይህ ዓይነቱ ቅርጽ ወደ ጎን ብዙ ስለማይወላወል እንደ እኛ ከደጋ ለወረደ ሰው ይሻላል፤ ሆኖም ከፊት ለፊት የሚመጣ ማዕበል በሁለቱ ቀፎዎች መካከል እየገባ ወለሉን ከታች ሲደበድበው በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ እንቅልፍ ይነሳል። የተሰጠን ካቢን ከጀልባው አፍንጫ አጠገብ ስለነበር ድብደባው በቀጥታ ከትራሳችን ሥር ነበር። መካከል ላይ ያሉት ካቢኖች በእጅጉ የተረጋጉ መሆናቸውን ያየነው የሌሎቹን ክፍል ስንጎበኝ ነው፤ ዋጋቸውም እኩል ነው፤ ቀድሞ ለጠየቀ ይሰጣሉ። ክፍሉ ጠባብ ቢሆንም ንጹሕ ነው። የመታጠቢያ ውኃ ከባሕር ውኃ ጨው በሚለይ መሣሪያ ስለሚመረት በቁጠባ ነው፤ ቧንቧ ሲጠፋ በጄሪካን የሚኖር የአዲስ አበባ ሰው ግን በዚህ አይደነቅም።

ስለ ማጥወልወል አንድ ነገር ልጨምር። መድኃኒቱ የሚዋጠው ጀልባው ከመነሳቱ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነው፤ ማጥወልወሉ ከጀመረ በኋላ የተዋጠው ብዙ አይረዳም። እኛ ደግሞ በሰዓቱ ስሕተት ምክንያት ወደቡ ላይ እየሮጥን ነው የዋጥነው። የመጀመሪያውን ከሰዓት በኋላ የጀልባውን የኋላ መደገፊያ ብረት ይዤ አድማስ አድማሱን እያየሁ አሳልፌዋለሁ።

ወደ ማጥመዱ ስመለስ፣ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ጀልባው እየሄደ ከኋላው አራትና አምስት ክር በመጎተት ነው፤ ትሮሊንግ ይሉታል። ዓሣ የሚመስሉት የፕላስቲክ ማታለያዎች በጀልባው አረፋ ውስጥ ይዘላሉ፤ ለረጅም ጊዜ ምንም አይሆንም፤ ከዚያ አንዱ ዘንግ ይጎብጥና ክሩ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ መጮኽ ይጀምራል። በሁለተኛው ቀን ማለዳ የመጣልኝ ዋሁ ነበር። ይህ ዓሣ እንደ ምላጭ የተሳሉ ጥርሶች ስላሉት ክሩ ከመንጠቆው አጠገብ ሽቦ ሊኖረው ይገባል፤ ሽቦውስ ነበረው። ያጣሁት በማጠንጠኛው ጉድለት ነው። ዓሣው ሲሮጥ ክሩን ለስለስ አድርጎ እየያዘ መልቀቅ የነበረበት ፍሬን፣ ጨው በልቶት ይመስለኛል፣ አንዴ ነክሶ ያዘ፣ አንዴ ለቀቀ፤ በሦስተኛው መንከስ ላይ ክሩ ቋ ብሎ ተበጠሰ። መርከበኛው ማጠንጠኛውን ፈትቶ ሲያሳየኝ የውስጡ ሰሌዳ አልቆ ብረቱ ያበራ ነበር። በቀን ሲሰላ በከተማችን ጥሩ ሆቴል ከማደር በላይ የሚያስከፍል አገልግሎት እንዲህ ያለ ዕቃ ማቅረብ የለበትም። በእርግጥ ካፒቴኑ ይቅርታ ጠይቆ የራሱን ማጠንጠኛ ሰጥቶኛል፤ ቀሪውን ጉዞ ያጠመድኩትም በእሱ ነው።

በዚያው ማጠንጠኛ ዶራዶ የሚባል ዓሣ ያዝኩ። ከውኃ ሲወጣ አረንጓዴ፣ ወርቃማና ሰማያዊ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ወለሉ ላይ አርፎ ነፍሱ ስትወጣ ግን ቀለሙ በዓይን ፊት እየተጠረገ ሄዶ ግራጫ ይሆናል። የእህቴ ባል ፎቶ ለማንሳት ስልኩን እስኪያወጣ ድረስ አልጠበቀውም።

አራተኛው ቀን ላይ ጀርባው ላይ ሸራ የመሰለ ክንፍ ያለው ሰይልፊሽ መንጠቆውን ያዘና ለግማሽ ሰዓት ያህል ታገለ፤ ሦስት ጊዜም ከባሕሩ በላይ ተወርውሮ ታየ። መንጠቆው ክብ ነው፤ ክብ መንጠቆ ሆድ ዕቃን ሳይቦጭቅ የአፍን ጥግ ብቻ ስለሚይዝ በቀላሉ ይወልቃል። መርከበኛው ዓሣውን ከውኃ ሳያወጣ በሹል አፉ ይዞ ጀልባው ቀስ እያለ ሲሄድ ውኃ በሚተነፍስበት ስንጥቡ እንዲያልፍ ካደረገ በኋላ ለቀቀው። የእህቴ ባል ወደ እኔ ዞሮ፣ “ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ብር ከፍለን መልሰን ልንጥለው ነው እንዴ የመጣነው?” አለኝ። በላንጋኖና በጫሞ ዳር ላደገ አጥማጅ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነጭ ዓሣ ይዞ የሚለቅ ሰው እስካሁን አላየሁም። የጀልባው ደንብ ግን ግልጽ ነው፤ ሰይልፊሽና ትልልቅ የኮራል ዳር ዓሦች ይለቀቃሉ፣ ለምግብ የሚሆነው ብቻ ይቀራል። አገሪቱ በ2020 በፈረንጆች አቆጣጠር 30 በመቶ የሚሆነውን ባሕሯን ጥብቅ አድርጋ ስታውጅ ያሳየችው ጥንቃቄ በጀልባው ላይም በአነስተኛው ይታያል፤ በዚህ በኩል ምንም ነቀፋ የለኝም።

ለምግብ የሚቀረውን ቱና የሚይዙበት መንገድ ግን ከጠቅላላው አገልግሎት በጣም ያስደሰተኝ ነው። ቱና ከብዙ ዓሦች በተለየ ደሙ ይሞቃል፤ ከትግል በኋላ ሥጋው ግሎ ይወጣል። ወዲያው ካልቀዘቀዘ ጣዕሙ ከመበላሸቱም በላይ ሲበስል እንኳ የማይጠፋ፣ ሰውን የሚያሳክክና የሚያቀላ መርዝ ይፈጠርበታል። ስለዚህ መርከበኛው ዓሣው ወለሉን በነካበት ቅጽበት ስንጥቡን ቆርጦ ደሙን ያፈሳል፤ ሆዱን ያጸዳና በረዶና የባሕር ውኃ በተቀላቀለበት ሣጥን ውስጥ ይነክረዋል። ከመንጠቆ እስከ በረዶ በእኔ ሰዓት አራት ደቂቃ አልሞላም። ከሐይቅ እስከ አዲስ አበባ ድረስ በላዳ ጣሪያ ላይ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚመጣ ዓሣ እየበላን ላደግን ሰዎች ይህ ትምህርት ነው።

በዚያ ምሽት የእህቴ ባል ከሻንጣው ውስጥ በጥንቃቄ የተጠቀለለ ሚጥሚጣና በትንሽ ጠርሙስ የተነጠረ ቅቤ አወጣ። የቱናውን ቀይ ሥጋ እንደ ክትፎ አድቅቆ፣ ቅቤውን ለብ አድርጎ አሸው። ምግብ አብሳዩ አንድ ማንኪያ ቀመሰና ሁለተኛ ጠየቀ፤ የራሱን የክሪዮል ቃርያ ድልህ አምጥቶም ጎን ለጎን አቀረበ። ሌሊቱን ደግሞ መልሕቅ ጥለን በ50 ሜትር ጥልቀት እነሱ ቡርዝዋ የሚሉትን ቀይ ዓሣ በእጅ ክር ስናወጣ አመሸን። ከወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው ይህ የሌሊት ማጥመድ ከ31ዱ ሰዓት ውስጥ ስድስቱን ይይዛል።

ስለ ወቅቱ፦ ከግንቦት እስከ መስከረም ድረስ የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ባሕሩን ያስቆጣዋል፤ በታኅሣሥና በጥር ደግሞ የሰሜን ምዕራቡ ዝናብ ያመጣል። በመካከል ያሉት ሚያዝያና ጥቅምት፣ እስከ ኅዳርም፣ ረጋ ያሉ ናቸው። ወኪሉ ነሐሴን በቅናሽ ያቀርባል፤ ቅናሹ ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። የከፈልነውን ዋጋ እዚህ ያልጻፍኩት የምንዛሬው ዋጋ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ስለሚወሰንና ቢሮው በየጊዜው ስለሚቀይረው ነው፤ ነዳጅ በዋጋው ውስጥ መካተቱን ግን በጽሑፍ ማስያዝ ያስፈልጋል፤ እኛ የመጨረሻው ቀን ላይ ተጨማሪ ተጠይቀን ከክርክር በኋላ ግማሹን ከፍለናል።

ባለፈው ሳምንት ያቺን ወጣት ቢሮዋ ድረስ ሄጄ አነጋገርኳት። ማስታወሻዬን ከፍቼ ሰዓቶቹን በተራ ሳነብላት ዝም ብላ አዳመጠችኝና፣ “ጋሼ፣ ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም” አለች። ለመጪው ሚያዝያ ለሁለት ሰው፣ መካከለኛው ካቢን፣ አጥማጅ ብቻ ከሚሳፈርበት ጉዞ፣ ነዳጅ ተካቶ እንድትጠይቅልኝ ነገርኳት። መነሻ ሰዓቱን በውሉ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ብላ ከጻፈች በኋላ በቅንፍ የፈረንጁን 10 አስገብታ በቀይ እስክሪብቶ አሰመረችበት።