ኢኤልኤም 327፦ ኮዱን የምታነብ ትንሿ ዕቃ

ቼክ ኢንጂን በበራ ቁጥር ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ ድረስ እየነዳ ለስካን መክፈል የሰለቸው ሁሉ ይህችን ዕቃ ይግዛ። ኢኤልኤም 327 ይሏታል፤ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ ታነባለች፣ መዳፍ ውስጥም ትገባለች። ከመሪው በታች ባለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ትሰካላችሁ፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ታገናኛላችሁ፣ የቀረውን ካር ስካነር የሚባለው አፕ ይሠራዋል። የእኔዋ መርካቶ የተገዛች ስም የለሽ ኮፒ ናት፤ የ2004 ኮሮላዬን ግን ያለ ችግር ታነባለች።

ጥቅሟ በደንብ የገባኝ ፒ0171 ስታወጣ ነው። ኮዱ አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው። ሰፈር ያለ መካኒክ ቁጥሩን እንዳየ «ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል፣ ቀይረው» አለኝ። አየር እንደበዛ የመሰከረው እኮ ራሱ ሴንሰሩ ነው፤ ምስክር ያየውን ስለተናገረ ይነቀላል እንዴ?

አፑ ላይ ሾርት ተርም እና ሎንግ ተርም ፉዩል ትሪም የሚሉትን ከፍቼ ደመርኳቸው። ኮምፒውተሩ ከተለመደው በላይ ስንት በመቶ ቤንዚን እየጨመረ እንደሆነ የሚታየው እዚያ ነው፤ ጤነኛ ሞተር ላይ ድምሩ ከዜሮ ብዙ አይርቅም። የእኔ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ፣ 20 አካባቢ ደርሷል። ረግጬ 2,500 ዙር ላይ ሳቆየው ግን ወደ 5 ወረደ። ሳይቆጠር ሾልኮ የሚገባ አየር ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ሞተሩ ጥቂት አየር በሚስብበት ሚኒሞ ላይ ድርሻው ትልቅ ይሆናል፣ ሲረገጥ ኢምንት ይሆናል። የቤንዚን ፖምፓው ደክሞ ቢሆን ሲረገጥ ይብስ ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ አየር ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ማኒፎልድ የሚሄዱትን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ እያጎበጥኩ አየሁ፤ አንዷ ቀጭን ቱቦ መታጠፊያዋ ላይ ተሰንጥቃ ታፏጫለች። ስንጥቁን በጣቴ ስደፍነው ፉጨቱም ጠፋ፣ ሚኒሞውም ተረጋጋ። ቱቦዋን ከሶማሌ ተራ ገዝቼ ቀየርኩ፤ ሴንሰሩ ዛሬም የድሮው ነው።

ፒ0302 ቢመጣባችሁም ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል እያቃጠለ አይደለም ማለት ነው እንጂ ኮይል (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን) ግዙ አልተባላችሁም። የሁለተኛውን ኮይል ከሦስተኛው አቀያይሩ፤ ኮዱ ወደ ፒ0303 ከዞረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፣ ካልዞረ ካንዴላና ኢንጀክተር እዩ። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ግን አትንዱ። ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታሊቲኩ (የጭስ ማጣሪያው) ውስጥ ገብቶ ይቀጣጠላል፣ እሱን ያበላሸዋል።

ኮድ ደምስሶ «ተሠርቷል» የሚል ሰው በጣም ያናድደኛል። ኮዱ ሲደመሰስ ችግሩ በተፈጠረበት ቅጽበት የነበረውን ሙቀት፣ ዙርና ፍጥነት የያዘው ፍሪዝ ፍሬምም አብሮ ይጠፋል። መጀመሪያ ስክሪኑን ፎቶ አንሱ።

ዲኤክስ ለያዛችሁ አትሆንም፤ መኪናዋ ሶኬቱም የላት። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የቆዩ ቪትዞች ላይ ደግሞ ሶኬቱ እያለም አልገናኝም ልትል ትችላለች፣ ከመግዛታችሁ በፊት ከጎረቤት ተውሳችሁ ሞክሩ። አይፎን ከሆነ ስልካችሁ ባለ ዋይፋዩን ውሰዱ። የእኔዋ የኤቢኤስና የኤርባግ ኮድ አታነብም፤ ለእሱ ጋራዥ መሄድ ግድ ነው። ሶኬቱ ቁልፍ ተነቅሎም ከባትሪው ኃይል ያገኛል፤ መኪናውን ለቀናት የምታቆሙት ከሆነ ንቀሏት።